ስለ ኮምፒውተር ዲስክ አከፋፈልና ስለ ፋይል ሥርዓት አመራረጥ፤ ለመሬት መዝገብ ጠባቂዎች የሚጠቅም ምክር



ያገራችን ሰው ከጥንት ጀምሮ ስለ መሬቱ የሚጠነቀቀውን ያህል ስለ ሌላ ነገር አይጠነቀቅም። በቀላድ የተለካውን ጋሻ፥ በድንጋይ የተከለለውን ወሰን፥ በሽማግሌ ፊት የተመሰከረውን ድንበር ልጅ ከአባቱ እየሰማ ይይዘው ነበር። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ለገበሬው የይዞታ ደብተር መስጠት ተጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. ስለ ገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 456 ከወጣ በኋላም የምዝገባው ሥራ እየሰፋ ሄደ። አሁን በብዙ ወረዳ የማሳው ልክ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ተለይቶ፥ የባለይዞታው ስም ከነአዋሳኙ በኮምፒውተር ይጻፋል። ስለዚህ ቀድሞ በድንጋይ ላይ የነበረው ድንበር ዛሬ መጠኑ ከመዳፍ በማይበልጥ ዲስክ ላይ ዐድሯል ማለት ነው። ድንጋይ ሲነቀል ጎረቤት ያያል፤ ዲስክ ሲበላሽ ግን የሚያይ የለም፤ የሚታወቀውም ሁለት ወንድማማች ተካሰው ዳኛው መዝገቡን ባስመጣ ቀን ነው።

እንግዲህ መዝገብ በዲስክ ላይ እንዴት እንደሚከፈል፥ በምን ሥርዓት እንደሚያዝ፥ ሲታመምም በምን እንደሚታከም ማወቅ የኮምፒውተር ጠጋኝ ብቻ ሥራ አይደለም። የሚያዝዘው ሹም ነገሩን ካላወቀ የሚታዘዘው ጸሓፊ ሊሳሳት ይችላልና። በመንግሥትም ሆነ በግል ጽሕፈት ቤት የሚበዛው ኮምፒውተር የሚሠራው ዊንዶውስ በሚባለው ሥርዓት ስለ ሆነ፥ ንግግራችን ስለ እርሱ ነው።

1ኛ፤ ከአትክልት ተራ የተወሰደ ምሳሌ

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እንዲገለጽ፥ በአዲስ አበባ በአራዳ፥ በፒያሳ ግርጌ የነበረውን አትክልት ተራ እናስብ። ከመቂና ከዝዋይ ሽንኩርትና ቲማቲም፥ ከአርባ ምንጭ ሙዝ፥ ከሌላውም አገር ድንችና ጎመን እየተጫነ ይመጣ ነበር። ሜዳው አንድ ነው፤ ነገር ግን የሽንኩርቱ ስፍራ ከሙዙ ስፍራ የተለየ ነበር፤ ነጋዴውም ሁሉ መደቡን ያውቅ ነበር። ተራ ያሰኘውም ይህ ነው።

ዲስክም እንዲሁ ነው። ባዶው ዲስክ ሜዳው ነው። ሜዳው ለየብቻ ሲከፈል እያንዳንዱ ድርሻ ፓርቲሽን ይባላል፤ እኛም ክፍል እንለዋለን። የክፍሎቹን ወሰን የሚያመለክተው ጽሑፍ የክፍፍል ሰንጠረዥ ነው። በአንዱ ክፍል ውስጥ ደግሞ የትኛው ጭነት በየትኛው መደብ እንደ ተራገፈ የሚጻፍበት ደንብ ፋይል ሲስተም፥ ማለት የፋይል ሥርዓት ይባላል። ጭነቱም ፋይሉ ነው።

ከዚህ ምሳሌ አንድ ትልቅ ትምህርት ይገኛል። የመደቡ ዝርዝር ቢቃጠል ሽንኩርቱ አልጠፋም፤ የጠፋው የት እንዳለ የሚያውቀው ነው። ሽንኩርቱ በእውነት የሚጠፋው ሌላ ሰው መጥቶ በላዩ ላይ ጭነት ያራገፈ እንደ ሆነ ነው። በዲስክም ላይ የሚደርሰው ጥፋት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ፋይሉ ሳለ ዝርዝሩ ይበላሻል፤ ሰውም ደንግጦ አዲስ ነገር ይጽፍበትና የቀረውን ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ ብልሽት በታየ ጊዜ የመጀመሪያው ሕግ በዚያ ዲስክ ላይ ምንም ነገር አለመጻፍ ነው።

2ኛ፤ ስለ ሁለቱ የክፍፍል ሰንጠረዦች

የክፍፍል ሰንጠረዥ ሁለት ዐይነት ነው። የቀድሞው ኤም ቢ አር ይባላል፤ የወጣውም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ነው። ይህ ሰንጠረዥ ከ4 ዋና ክፍሎች በላይ አይቀበልም፤ ከዚያ የበለጠ የፈለገ ሰው አንዱን ዋና ክፍል ዘርጊ አድርጎ በውስጡ ሌሎች ንኡሳን ክፍሎችን ማበጀት አለበት። ደግሞም በተለመደው አሠራር ከ2 ቴራባይት ያለፈውን የዲስክ ስፋት ሊጠቀምበት አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው ሰንጠረዡ የሚጻፈው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ በአንድ ስፍራ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያ ስፍራ ቢበላሽ የክፍሎቹ ወሰን ሁሉ ይደበዝዛል።

አዲሱ ጂ ፒ ቲ ይባላል። በዊንዶውስ ላይ እስከ 128 ክፍል ይይዛል፤ ከ2 ቴራባይት ለሚበልጥ ዲስክም ያገለግላል። ከዚህም በላይ አንዱን ቅጂ በዲስኩ መጀመሪያ፥ ሁለተኛውን ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ይጽፋል። አንዱ ቢጠፋ ከሌላው ይታደሳል። የመዝገብ ቅጂ በሁለት ስፍራ መቀመጡ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመሬት ሹም መንገር አያስፈልግም።

ምርጫው እንግዲህ ቀላል ነው። አዲስ ኮምፒውተር ወይም አዲስ ዲስክ ሲገዛ ጂ ፒ ቲ ይሁን። ኤም ቢ አር የሚቀረው ዩ ኢ ኤፍ አይ የሚባለውን አዲሱን የማስነሻ ሥርዓት ለማያውቁ አሮጌ መኪናዎች ነው። ዊንዶውስ 10 የተባለው ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከሠሪው ኩባንያ የሚያገኘው የተለመደ ነጻ ድጋፍ ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ዩ ኢ ኤፍ አይ ያለው መኪና ስለሚፈልግ፥ የሚነሣበት ዲስክ በጂ ፒ ቲ የተከፈለ መሆን አለበት። በኤም ቢ አር የተከፈለ የማስነሻ ዲስክ ያለው ጽሕፈት ቤት፥ ኤም ቢ አር ቱ ጂ ፒ ቲ በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ፋይሉ ሳይጠፋ ሊለውጠው ይችላል። ዳሩ ግን በዲስክ ማስተዳደሪያው ሰሌዳ ላይ ያለው የመለወጫ ትእዛዝ እንዲህ አይደለም፤ እርሱ ክፍሎቹ ሁሉ አስቀድመው እንዲሰረዙ ይጠይቃል። የሁለቱ ስም ስለሚቀራረብ ሰው እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ። በማናቸውም መንገድ ቢሆን ቅጂ ሳይወጣ አይጀመር።

3ኛ፤ ስለ ፋይል ሥርዓት አመራረጥ

በዊንዶውስ ላይ የሚመረጡት የፋይል ሥርዓቶች በተለይ ሦስት ናቸው።

ኤን ቲ ኤፍ ኤስ፤ ይህ ከዊንዶውስ ኤን ቲ ጋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 የወጣ ነው። ትልቅ ፋይል ይቀበላል፤ ማን እንዲያነብ፥ ማን እንዲጽፍ፥ ማን እንዳይደርስ ፈቃድ ይወስናል። ደግሞም በመዝገቡ ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት ሊያደርገው ያሰበውን በማስታወሻ ይጽፋል፤ መብራት በመካከል ቢጠፋ ሲመለስ ማስታወሻውን አንብቦ የዝርዝሩን ሥርዓት ያስተካክላል። መብራት በሚቋረጥበት ወረዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የሚጠብቀው ዝርዝሩን እንጂ ጸሓፊው ያልቆጠበውን ጽሑፍ አይደለም። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ውስጥ ላለው ዲስክና ለመዝገብ ማስቀመጫ ሁሉ የሚመረጠው ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ነው።

ፋት 32፤ ይህ የቀድሞ ሥርዓት ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 በዊንዶውስ 95 ዘመን የወጣ ነው። ጥቅሙ ሁሉም የሚያነበው መሆኑ ነው፤ ካሜራው፥ ማተሚያው፥ አሮጌውም ኮምፒውተር ያውቀዋል። ጉድለቱ ግን አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከደረሰ አይቀበልም፤ ፈቃድ አይወስንም፤ የለውጥ ማስታወሻም አይጽፍም። ብዙ ጸሓፊዎች የሚቸገሩበት ነገር ይህ ነው። የአየር ፎቶግራፉን ከዞን ለማምጣት 32 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይዞ የሄደው ሰው፥ 6 ጊጋባይት ያለውን አንድ ፋይል ሲቀዳ «ፋይሉ ለዚህ ሥርዓት እጅግ ትልቅ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ፍላሹ የተበላሸ ወይም የሞላ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጕድለቱ የስፍራ ሳይሆን የሥርዓት ነው።

ኤክስ ፋት፤ ይህ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ለፍላሽና ለመሰል ማስቀመጫ የተሠራ ነው። የ4 ጊጋባይቱ ወሰን የለበትም፤ ከዊንዶውስ ውጭ ያሉ ኮምፒውተሮችም ያነቡታል ይጽፉበታልም። የለውጥ ማስታወሻ ግን አይጽፍምና፥ በመጻፍ ላይ ሳለ ፍላሹን የነቀለ ሰው ብዙ ፋይል ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ለማመላለሻ ይሁን እንጂ መዝገብ ለዘለቄታ አይቀመጥበት።

በፋት 32 የተያዘውን ክፍል ፋይሉ ሳይጠፋ ወደ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ የሚለውጥ ኮንቨርት የሚባል ትእዛዝ በዊንዶውስ ውስጥ አለ። ግን መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ፋት 32 ለመመለስ ፎርማት ማድረግ፥ ማለት መዝገቡን አጥፍቶ እንደ ገና መጀመር ግድ ይሆናል።

4ኛ፤ ስለ ክፍሎች ስፋትና ስለ ወሰናቸው

አዲስ ዲስክ የገዛ ሹም አስቀድሞ የሚጠይቀው «500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠልን ለምን 465 ይላል» ብሎ ነው። ሻጩ አልሰረቀም። ሠሪው በ1000 እየቈጠረ፥ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እየቈጠረ ነው፤ ልዩነቱ የጥማድና የሄክታር ያህል የመለኪያ ልዩነት ነው።

ለአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት 500 ጊጋባይት ዲስክ ቢኖረው 150 ያህሉን ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞቹ፥ የቀረውን ለመዝገብ ማድረግ መልካም ነው። ዊንዶውስ 11 ራሱ ከ64 ጊጋባይት ያላነሰ ማስቀመጫ ይጠይቃልና ማጥበብ አይገባም። የመከፈሉ ጥቅም ዊንዶውስ ታምሞ እንደ ገና ሲጫን ሲ የተባለው ክፍል ብቻ ተጠርጎ፥ ዲ የተባለው የመዝገብ ክፍል ሳይነካ መቅረቱ ነው። ነገር ግን ማንም አይታለል፤ ሁለት ክፍል በአንድ ዲስክ ላይ መሆኑ ቅጂ ማለት አይደለም። ጎተራው ሲቃጠል የጤፉም የስንዴውም ክፍል አብሮ ይቃጠላል።

በዲስኩ ላይ ደግሞ ትንንሽ ስም የለሽ ክፍሎች ይታያሉ። አንዱ ኮምፒውተሩ የሚነሣበት ነው፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ያህል ሲሆን የተያዘውም በፋት 32 ነው። ሌላው 16 ሜጋባይት ሆኖ ዊንዶውስ ለራሱ ያስቀረው ነው፤ ሦስተኛው ዊንዶውስ ሲታመም የሚታከምበት ነው። ስፍራ አገኛለሁ ብሎ እነዚህን የሚሰርዝ ሰው ኮምፒውተሩ እንዳይነሣ ያደርጋል።

ሲ የተባለው ክፍል ሲሞላ ሊያሰፉት የሚሹ ብዙዎች ናቸው። በዲስክ ማስተዳደሪያው ሰሌዳ ላይ ባዶ ስፍራ እየታየ የማስፊያው ትእዛዝ ግን ደብዝዞ እንቢ ይላል። ምክንያቱ ባዶው ስፍራ ኩታ ገጠም አለመሆኑ ነው። ይህ ትእዛዝ ማሳን የሚያሰፋው ወዲያው በስተቀኙ ወሰንተኛ ወደ ሆነው ባዶ መሬት ብቻ ነው፤ በመካከል የጎረቤት ማሳ ካለ አልፎ አይዘልም። ብዙውን ጊዜ በመካከል የሚገኘው የመታከሚያው ክፍል ወይም ዲ የተባለው ነው። ዲ በመካከል ከሆነ፥ በእርሱ ላይ ያለውን መዝገብ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጦ፥ ገልባጩም መነበቡን አረጋግጦ፥ ዲን ሰርዞ፥ ሲን አስፍቶ፥ የቀረውን እንደ ገና ዲ አድርጎ መመለስ ነው። ይህ ሥራ በመካከል መብራት እንዳይጠፋ ባትሪ ባለው ኮምፒውተር ወይም በዩ ፒ ኤስ ይሠራ።

5ኛ፤ ስለ ብልሽትና ስለ መድኀኒቱ

ዲስኩ ወይም ፍላሹ ሲሰካ «ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብህ» የሚል ጥያቄ ቢመጣ እሺ አይባል። ይህ ማለት ዊንዶውስ የፋይል ሥርዓቱን ማንበብ ተስኖታል ማለት ነው፤ በሰሌዳውም ላይ ሥርዓቱ ሮው ተብሎ ይታያል። አስቀድሞ ገመዱን፥ መሰኪያውን፥ ኮምፒውተሩንም ለውጦ መሞከር ነው። ካልሆነ መዝገቡ ብርቱ ከሆነ የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ በሌላ ዲስክ ላይ ይነሣ፤ የማዳኑም ሥራ በግልባጩ ላይ ይሠራ። ቴስት ዲስክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የጠፋ የክፍል ወሰን ፈልጎ ለማግኘት ያገለግላል።

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በፋይል መቃኛው ላይ የማይታይ ከሆነ፥ አንዳንድ ጊዜ የጎደለው ፊደሉ ብቻ ነው። በዲስክ ማስተዳደሪያው ሰሌዳ ላይ ክፍሉ ካለና ሥርዓቱ ከተነበበ ፊደል መስጠት ይበቃል።

ፋይል አልከፈት ሲል ወይም ስሙ በማይነበብ ምልክት ሲለወጥ፥ ቼክ ዲስክ የሚባለው ትእዛዝ አለ። ኤፍ የሚል ምልክት ሲጨመርበት የመዝገቡን ስሕተት ያርማል፤ አር ሲጨመርበት ደግሞ የታመመውን የዲስክ ስፍራ ፈልጎ የሚነበበውን ያወጣል፤ ሰፊ በሆነ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ነገር ግን ይህ መድኀኒት ለታመመ ዝርዝር ነው እንጂ ለሚሞት ዲስክ አይደለም። ዲስኩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ቢሰጥ ወይም እጅግ ቢዘገይ፥ በማረም ማድከም ሊገድለው ይችላልና አስቀድሞ መዝገቡ ይገልበጥ፤ ድምፅ የሚሰጠውማ ወዲያው ይጥፋና ለባለሙያ ይሰጥ።

ፍላሹ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተለውጠው ሲገኙ ይህ የቫይረስ ሥራ ነው። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ በኋላ እንኳ ስሙ በፒያሳ ቀርቷል፤ ስሙን ሰምቶ የሚሄድ ሰው ሽንኩርት አያገኝም። የፍላሹም ነገር እንዲሁ ነው፤ ስሙ በፊት ለፊት አለ፥ እውነተኛው ፋይል ግን ተሰውሯል። አቋራጩን የሚጫን ሰው ቫይረሱን ወደ ኮምፒውተሩ ይጋብዛል። ስለዚህ ሳይጫኑ በጸረ ቫይረስ ማጽዳት፥ ከዚያም አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ የመሰወሪያውን ምልክት ማንሣት ይገባል። ፎርማት አያስፈልግም፤ ፋይሉ በቦታው አለና።

ከመጠን በላይ በረከሰ ዋጋ የሚሸጥ ፍላሽም አለ። በላዩ 1 ቴራባይት ተጽፎበት፥ ዊንዶውስም 1 ቴራባይት ብሎ ያነበዋል፤ በውስጡ ያለው ግን የዚያ ጥቂት እጅ ነው። ልኩ እስኪሞላ ድረስ በደኅና ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፍበት ሁሉ የተቀበለ እየመሰለ ይጠፋል። አዲስ ፍላሽ ሲገዛ መዝገብ ሳይጻፍበት አስቀድሞ እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው፤ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ይሠራል።

በስሕተት ስለ ተሰረዘ ፋይልም አንድ ነገር ይታወቅ። በሚሽከረከረው አሮጌ ዲስክ ላይ የተሰረዘው ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ሊገኝ ይችላል። ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው አዲስ ዲስክ ላይ ግን ዊንዶውስ የተለቀቀውን ስፍራ ለዲስኩ ስለሚያስታውቀው፥ ዲስኩ ራሱ ያጸዳዋል፤ ተመልሶ መገኘቱም ብዙ ጊዜ ተስፋ የለውም። ኤስ ኤስ ዲ ፈጣን ስለ ሆነ ይገዛል፤ ነገር ግን ምሕረቱ ትንሽ ነውና ቅጂው ይብዛ።

6ኛ፤ ስለ መቈለፊያው ቍልፍ

ይህ በተለይ አስተዳዳሪዎችን የሚመለከት ነው። በብዙ አዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ዊንዶውስ 11 ዲስኩን ራሱ ይቈልፈዋል፤ ቢትሎከር የሚባለው የመሰወሪያ አሠራር ነው። መልካም ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ሌባው መዝገቡን አያነብምና። መኪናው ሲጠገን ወይም አንዳንድ ክፍሉ ሲለወጥ ግን ዊንዶውስ 48 አኀዝ ያለውን የመክፈቻ ቍጥር ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ቍጥር የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ በከፈተው ሰው የማይክሮሶፍት መዝገብ ውስጥ ነው። ጸሓፊው በራሱ ስም ከፍቶት ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወር፥ የሕዝቡ የድንበር መዝገብ ቍልፍ ከእርሱ ጋር ሄደ ማለት ነው። ያለ ቍጥሩም የሚከፍት ጠጋኝ ከቶ አይገኝም። ስለዚህ ቍጥሩ ታትሞ በካዝና ይቀመጥ፤ በርክክብም ጊዜ እንደ ማኅተምና እንደ ቍልፍ በጽሑፍ ይረከብ።

7ኛ፤ ስለ ቅጂና ስለ ሹሙ ተግባር

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ ከመድኀኒቱ ሁሉ የሚበልጠው ቅጂ ነው። የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዐይነት ማስቀመጫ፥ አንዱም በሌላ ስፍራ ይሁን የሚል ነው። አንዱ በወረዳው ኮምፒውተር፥ ሁለተኛው ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሣጥን በሚቈለፍ ዲስክ፥ ሦስተኛው በዞን ጽሕፈት ቤት ቢሆን፥ እሳትም ጎርፍም ሌባም ሦስቱን ባንድ ቀን አያገኛቸውም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ ቤቶች በኮሪደር ልማት ሥራ ሲነሡ እንደ ታየው፥ ቤት ይፈርሳል፥ ሰፈርም ይለወጣል፤ መዝገብ ግን ከቤቱ ጋር መፍረስ የለበትም።

አስተዳዳሪው በየሦስት ወሩ ጸሓፊውን ጠርቶ እነዚህን ጥያቄዎች ቢጠይቅ ብዙ ጥፋት ይድናል። መዝገባችን በየትኛው ክፍል ነው፥ ሥርዓቱስ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ነው ወይ? የመጨረሻው ቅጂ መቼ ተነሣ፥ ከቤታችን ውጭስ የት አለ? የ48ቱ አኀዝ ቍጥር በማን እጅ ነው? ከቅጂው ውስጥ ያንድ ገበሬ መዝገብ አሁን በፊቴ ተከፍቶ ይታያል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርምና።

የዲስኩ ዋጋ ትንሽ ነው፤ ቢጠፋ በማግሥቱ ይገዛል። በላዩ ያለው ግን በወረዳው የሚኖር የገበሬ ሁሉ ማሳ፥ የመበለቲቱ ድርሻ፥ የሙት ልጅ ውርስ ነው። ይህን በገበያ የሚሸጥ ማንም የለም። ስለዚህ በየደረጃው ያላችሁ ሹማምንት፥ የድንበሩን ድንጋይ እንደምትጠብቁ የዲስኩንም ክፍልና ሥርዓት እንድትጠብቁ፥ ጸሓፊዎቻችሁንም እንድታስተምሩ በትሕትና እናሳስባለን።